የበር ቆሎ

«በር የሚዘጋ ሰው የሚደብቀው ያለው ነው!»

«አለኝ እንጂ! ጫጩቶቼን ነው የምደብቀው፣ ከንፋስ!»

«እኔ ባደግሁበት ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ተዘግቶ አያውቅም። እንግዳ ምን ይላል? አላፊ አግዳሚው ምን ይላል? ተደብቀው የሚበሉ ናቸው ነው የሚለው።»

«ይበል! አላፊ አግዳሚው ጫጩት አያሳድግልኝም። ዝጋው!»

«በምኔ ልዝጋው? በጥርሴ?»

እውነትም የአክስቴ ባል ትርፍ እጅ አልነበራቸውም። በግራ ብብታቸው የቀርከሃ እስር ይዘዋል፣ በቀኛቸው ደግሞ እግር ያልተገጠመለት ወንበር። ጥያቄያቸውን ለእኛ ጥለው ወጡ። በሩ እንደ ተበረገደ ቀረ። የእንጅባራ የታኅሣሥ ንፋስ ውጭ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ እንደ ነበረ ሰው ሰተት ብሎ ገባ። ሳሎኑ ጥግ፣ አምፖል ስር ተበትነው ሲጭሩ የነበሩት ጫጩቶች ባንድ ጊዜ ተጠጋግተው አንድ ቢጫ ክምር ሆኑ፤ የታችኛው የላይኛውን ይሸከማል፣ የላይኛው የታችኛውን ይረግጣል፣ ሁሉም ይጮሃል።

አክስቴ ተነስታ በሩን በትከሻዋ ደገፍ፣ በእግሯ ከፍ አድርጋ ዘጋችው። ያ በር እንዲሁ በመግፋት አይዘጋም። ማጠፊያው ስለ ዘመመ ከመሬት ላይ ትንሽ ማንሳት ይፈልጋል። የሚዘጋው ታስቦበት ነው እንጂ በአጋጣሚ የሚዘጋ በር አይደለም።

«አምና ያመጣኋቸው በዚህ በር ነው ያለቁት» አለች፣ ለእኔም ለጫጩቶቹም። «ዘንድሮ አንዲት ብትሞትብኝ ሳጥኔን ጭኜ፣ ጫጩቶቼን አቅፌ፣ ይችን ልጅ አስከትዬ ዳንግላ እኅቴ ቤት ነው የምገባው። ላባ እስኪያወጡ አልመለስም። ከዚያም ወዲያ እንጃ!»

ይችን ልጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። ዳንግላ ያለችው እኅቷ እናቴ ናት። አባቴ እዚያ ጋሪ ይነዳል። ከተማዬን አልጠላውም፤ እንዲያውም ብርዱ ይሻላል። ግን እንጅባራ ውስጥ ሁለት ነገር አግኝቼ ነበር። አንዱ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ሥራ ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው ግጥም የሚያነቡ ልጆች ናቸው። እኔ የማነብበት ቅዳሜ ገና አልደረሰም ነበር። ስለዚህ የጫጩቶቹ ነፍስ የእኔም ነፍስ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም። ደግሞ አክስቴን አውቃታለሁ። ያለችውን ታደርጋለች።

እኔ የተማርኩት ኮፒ ማሽን ስር ነው። ተማሪዎች የሚያመጡትን ሃንድአውት ሁሉ አነባለሁ፤ ሕግ፣ እርሻ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ የአፈር ዓይነት። ማሽኑ ወረቀቱን ውጦ እስኪተፋ ያለችው ጊዜ ትምህርት ቤቴ ናት። በዚህ ምክንያት የማላውቀው የትምህርት ዓይነት የለም፤ ሁሉንም ግን የማውቀው በግማሽ ነው።

ያን ሰሞን አንዲት ተማሪ የሥነ ልቦና ወረቀት አመጣች። ማጠናከሪያ ይላል ርዕሱ። መጀመሪያ ለሲሚንቶ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ቀጠልኩ። ሰው አንድን ነገር የሚደጋግመው ከሠራው በኋላ ደስ የሚል ነገር ሲያገኝበት ነው ይላል። ጭቅጭቅ ሰውን አይለውጥም፤ ጆሮውን ያደነድነዋል። ሽልማቷ ትንሽ ትሁን፣ ወዲያው ትምጣ፣ ከሥራው በኋላ እንጂ በፊት አትሁን። ሰውየው የተፈለገውን ነገር ጭራሽ የማያደርግ ከሆነ ደግሞ ወደዚያ ነገር የቀረበውን ሁሉ ሸልሙ፤ ቀስ በቀስ ወደ በሩ ይደርሳል። «ወደ በሩ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንዷን ገጽ ማሽኑ ጨማድዶ በላት። ተማሪዋ ብዙም አላዘነችም፤ እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኳት።

ወደ ቤት በሩጫ ነው የሄድኩት። ለአክስቴ ትንፋሼን ሳልሰበስብ አስረዳኋት።

«ይኸ የውሻ ነው» አለች።

«ለሰውም ይሠራል ይላል፣ እትዬ።»

«ጋሼሽ ከሁለቱም አይደለ። እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ዋናው ነገር ዝም ማለት ነው። በሩን ከፍተው ሲወጡ ዝም። ምንም እንዳላዩ።»

«ዝም?»

«ዝም።»

«እኔ እሞታለሁ።»

«ጫጩቶቹ ከሚሞቱ...»

ይህን ስላት ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ አሠረች። ነገሩን እንደ ዘመቻ ያዘችው። ሽልማቱ ምን ይሁን? የነቢያት ጾም ስለሆነ ቅቤም ሥጋም የለም። ቆሎ! የገብስና የሽምብራ ቆሎ ጋሼ አይተው አያልፉም፤ ሦስተኛ ቤት ቢቆላ ያሸቱታል። በኪስ ይያዛል፣ አይበላሽም፣ ወዲያው ይሰጣል። ሽልማት ተብሎ የተፈጠረ ነው።

«ታዲያ አስቀድመን አንሰጠውም?» አለች አክስቴ። «ጋሼሽ የቀብድ ሰው ነው። ቀብድ ሳይቀበል አንድ ቀርከሃ እንኳን አይቆርጥም። ቆሎውን እንካ፣ በሩን ዝጋ፣ አለቀ።»

«አይሆንም! በፊት ከሆነ ጉቦ ነው። ከሥራው በኋላ ነው የሚለው ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ ባል የለውም መሰለኝ» አለች፤ ግን ተስማማች።

በማግስቱ ጋሼ እጃቸው እንደ ሁልጊዜው ሙሉ ሆኖ ገቡ። በሩን ከፍተው ተዉት። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዝም አለች። ፊቷ ቀላ። ንፋሱ በሩን ከግድግዳው ጋር ሲያላትመው ጋሼ ዘወር ብለው አዩት። አዩት ብቻ። ግን ማየት ወደ መዝጋት የቀረበ ነገር ነው! አክስቴን በክርኔ ጎሸምኳት።

ቆሎውን እሰጣለሁ ብዬ እጄን ኪሴ ስከት አክስቴ ያልተነጋገርንበትን አደረገች። ሽልማቱ ከፍ ይበል ብላ አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታዋን ለቀቀችው።

«እልልልልልል!»

ጫጩቶቹ ዝም አሉ። የጋሼ ወንበር ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ወለደ?»

መልስ ሳናገኝላቸው የጎረቤታችን የጠላ ሻጯ ሴትዮ ማሰሮዋን እንደ ያዘች ደረሰች። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ምን ተገኘ?» ከኋላዋ ምራቷ መጣች። ከምራቷ ኋላ መንገድ ላይ ሲያልፍ የሰማ ሰውዬ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን የማናውቀው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። በሩ ወለል ብሏል። አንድ ሰው በር ስላየ ነው እልል ያልነው ተብሎ አይነገርም።

«ለጫጩቶቹ ነው» አለች አክስቴ። «ደህና ስለሆኑ።»

«እሰይ! ያሳድግልሽ!» ተባባሉ። እልል ተብሎ የገባን እንግዳ በባዶ መሸኘት ነውር ነው፤ ቆሎው ተዘገነላቸው። ሲመርቁ ቆይተው በሩን እንዳለ ትተው ወጡ። በማግስቱ ያለ እልልታ ተመልሰው መጡ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሰውዬው ጭራሽ ወንድሙን ይዞ መጣ። ወረቀቱ እውነቱን ነው፤ ማጠናከሪያ ይሠራል። የሠራው ግን በማይመለከታቸው ሰዎች ላይ ነበር።

እልልታውን ተውነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በጸጥታ ተጀመረ። ጋሼ ሲገቡ ክርናቸው በሩን ከነካው አንድ ጭብጥ ቆሎ። ሲወጡ እግራቸው በሩን ገፋ ካደረገው አንድ ጭብጥ፣ ከምርቃት ጋር። «እጅህ ይባረክ» ትላለች አክስቴ። ትዳር ከያዙ ጀምሮ እንደዚያ ባለ ለስላሳ ድምፅ አነጋግራቸው አታውቅም። ጋሼ ቆሎውን አፋቸው ውስጥ ይወረውሩና እያላመጡ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

አንድ ቀን በሩን ግማሽ ድረስ መለሱት! ግማሽ! ላለመጮህ ከንፈሬን ነክሼ ጓዳ ገባሁና ብቻዬን ዘለልኩ። ዓለም በኪሴ ያለች መሰለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስሄድ ዘፈኑን ዝቅ ያደረገ የባጃጅ ነጂ አይቼ፣ ልማዱን ላጠናክርለት ብዬ ሰፊ ፈገግታ ሸለምኩት። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ይህም በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ምናልባት ማሽኑ የበላት ገጽ ላይ ይሆናል። ማታውን ቅዳሜ ላነበው ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፦

በሩን ክፍት ቢያገኝ ብርዱ ገባ ሳይጠራ፤
እንግዳ ነው ተብሎ እራት በላ ከእኛ ጋራ።

አክስቴ ስትሰማው ከሳቋ የተነሳ ጎኗን ያዘች። እኛ ስንስቅ ጋሼ ገቡ፤ ሳቃችንን ዋጥን። ይህን መዋጣችንን ጋሼ እንዴት እንዳዩት ያን ጊዜ አላሰብንም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ በሥራ ቀን ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። ቀርከሃውን ዞር ብለው አላዩትም።

«ዘንገና ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» አሉ። ድምፃቸው ከባድ ነው። «ይች ልጅ ከእኔ ጋር ትምጣ።»

አክስቴ «ምነው በደህና?» አለች።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አሉና ወጡ። በሩን አልነኩትም።

አክስቴ ምንም አልገባትም፤ በአገጯ ተከተይው አለችኝ። በባጃጅ እስከ መገንጠያው ሄድን። ከዚያ የእግር መንገዱን ያዝን። ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ወትሮ ጨዋታቸው የማያልቅ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ከበትራቸው በቀር ድምፅ የለም። የዘንገና ሐይቅ ከታች ብቅ ሲል ቆሙ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«በይ እንግዲህ ንገሪኝ። እህልም ቀምሻለሁ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ሳሉ ነው?»

«የማን ሳል?»

«የወንድሜ ነዋ! እኔ ሕፃን ነኝ? ያች ሴትዮ ስንት ዘመን በር ዝጋ ስትለኝ ኖራ ድንገት ድምጿ ጠፋ። የማርያም ስም አልጠራች፣ አልረገመች። ስገባ ታጎርሰኛለች፣ ስወጣ ትመርቀኛለች። ጎረቤት ያለ ምክንያት ይመጣል፣ እኔን ሲያይ ቆሎውን ዘግኖ ይወጣል። ትናንት ደግሞ ስገባ ሁለታችሁም ፊታችሁን አዞራችሁ። የእሱ ስልክ ከጠፋ ሰነበተ፤ ኔትወርክ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል... በይ፣ መቼ ነው የተቀበረው?»

አየሁት። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አየሁት። እኛ አገር ሞት እንደ ወሬ አይነገርም። መርዶ የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ አይጨቀጨቅም፣ ፊት ለፊት አይታይም። ሳናውቀው እኔና አክስቴ ጋሼን ለመርዶ ስናዘጋጃቸው ነው የሰነበትነው፤ ያውም እንደ ሥርዓቱ ምንም ሳናጓድል!

ማዘን ነበረብኝ። ግን ሳቁ ከሆዴ ተነስቶ ትከሻዬን መነቅነቅ ጀመረ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«አይዞሽ» አሉኝ ጋሼ፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። «አይዞሽ ልጄ፣ አታልቅሺ።»

«ጋሼ፣ ማንም አልሞተም!» አልኩ ከነጠላው ውስጥ። «ለበሩ ነው! ቆሎው ለበሩ ነው! በሩን እንዲዘጉ ብለን ነው!»

ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው በርኅራኄ ተሞላ።

«እንደዚህ በይ ተብለሻል።»

«በእግዚአብሔር አምላክ!»

«ገባኝ። ልጅ መርዶ አታወጣም። ጎበዝ ልጅ ነሽ፤ ያሳደገሽ ይባረክ።»

ከዚያ ወዲያ የምለው ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። ስክድ እውነት ነው፤ ዝም ስል የበለጠ እውነት ነው። ስስቅ ደግሞ ማልቀሴ ነው። ስለዚህ እየሳቅሁ ተከተልኳቸው፤ እሳቸውም እያለቀሱ መሩኝ።

ወንድማቸው አውድማ ላይ ናቸው። በሬዎቹን ገብስ ላይ እያዞሩ ከሩቅ አዩን። አስበው እንግዲህ፤ ታናሽ ወንድምህ በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ጋቢ ደርቦ፣ ፊቷን የሸፈነች ልጅ አስከትሎ፣ እንባውን እየጠረገ ሲመጣ ብታይ ምን ትላለህ? መንሻቸውን ጣሉ። እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ጮኹ። ጋሼም ጮኹ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገለባው ላይ እየተደናቀፉ ተሯሯጡና ተቃቅፈው ይላቀሱ ጀመር። ወንድሜ፣ ወንድሜ ይባባላሉ፣ በአገውኛ። እኔ አገውኛ የምሰማው በግማሽ ነው፤ ለዚህኛው ግን ቋንቋ አላስፈለገም። መጀመሪያ የነቁት ጋሼ ናቸው። የሚያለቅሱለት ሰው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ እያለቀሰ መሆኑን ቀስ ብለው ደረሱበት። ገፋ አድርገው ፊቱን አዩ።

«አለህ እንዴ?»

«እኔማ አለሁ! ማን ነው የሞተው?»

«አንተ!»

የወንድማቸው ሚስት ከቤት እየጮኸች ደረሰች። ከሚቀጥለው አውድማ ሰው ፈሰሰ። ሁሉም ማን ነው የሞተው ይላል፤ የሞተ ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ገለባው ላይ ቆሜ ስለ ማጠናከሪያ አስረዳሁ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ቆሎው፣ ስለ ጫጩቶቹ። እኔ በአማርኛ ስናገር የጋሼ ወንድም ወደ አገውኛ ይመልሱታል። እኔ ካልኩት ግን በጣም ይረዝማል፤ በእጅ፣ በአንገት፣ በበሬ ጭምር እያሳዩ ነው የሚተረጉሙት። ሰው ገለባው ላይ ተንከባለለ። ሚስታቸው እንባዋን እየጠረገች ቆሎውን አሳዪኝ አለችኝና ከኪሴ አንድ ጭብጥ ወሰደች። «እስኪ እኔም የእኔኑ ልሞክርበት።»

ያልሳቁት ጋሼ ብቻ ናቸው።

«እኛ ባደግንበት ቤት በር አይዘጋም ነበር» አሉ፣ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። «ንገራት።»

ወንድማቸው ሳቃቸውን አቋረጡ። «ማን አለህ?»

«እኔ ነኛ! መቼ ተዘግቶ አየህ?»

«አንተ አታይማ! ከፍተህ ትወጣለህ፣ ከዚያ ማን ይመልስሃል! ግልገሎቹን ብርድ ሲመታቸው አባታችን አርጩሜ ይዞ ይመጣል። አንተ ሯጭ ነህ፤ የምያዘው እኔ። በአንተ በር እኔ ተገርፌ፣ በአንተ በር እኔ ተምሬ፣ ከኋላህ እየተነሳሁ ስዘጋ ነው ያደግሁት። ያ በር ሁልጊዜ ዝግ ነበር፤ አንተ ወጥተህ እየሄድክ አላየኸውም እንጂ!»

በጣታቸው ወደ ቤታቸው አመለከቱ። ሁላችንም ዞር አልን። በሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዝግ ነው። ከውስጥ ግልገል ይጮሃል።

ጋሼ በሩን አዩት፤ ረጅም ጊዜ። እኔ እጄ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ማየት ይሸለማል። ግን ወንድማቸው እንዳያዩኝ ፈርቼ ተውኩት።

ቅቅል ድንች በልተን፣ ተመርቀን ተመለስን። በመንገድ ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ «ሁልጊዜ?» አሉ፣ ለራሳቸው።

ቤት ስንደርስ ደጃፉ ላይ ወንበር ተደርድሯል። የጋሼ የራሳቸው የቀርከሃ ወንበሮች ናቸው፤ የተሸጡትም ያልተሸጡትም። ጠዋት ጋቢ ደርበው ወደ ዘንገና ሲወጡ ያየ ሰው ወሬውን ጨርሶታል። የጠላ ሻጯ ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መሐል ተቀምጣለች፣ ምራቷ ዳቦ ይዛለች። ባርኔጣ ያለው ሰውዬም ከወንድሙ ጋር መጥቷል። አክስቴ ቆማ «ኧረ የሞተ ሰው የለም!» ትላለች፣ እነሱ ደግሞ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሏታል። ያን መከራ እኔም አውቀዋለሁ።

በሩ ግን ወለል ብሏል። መብራት ጠፍቷል። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተከምረዋል፤ ጩኸታቸው ደክሟል። አክስቴ እንዲያሞቃቸው ፍል ውኃ የሞላችው ጀሪካን በሰው እግር ተከቦ እዚያው ጓዳ በር ላይ ቀርቷል።

«ወንድምህን!» ብላ ጠላ ሻጯ ልቅሶውን ልታስነካው ስትል ጋሼ ቀደሟት።

«ደህና ነው! ድንች አብልቶናል!» አሉና ሰዉን እየገፉ ወደ ጫጩቶቹ አለፉ። ተንበርክከው ክምሩን በጣታቸው ከፈሉት። ከሥር አንዲት ተዘርራለች፣ አንገቷ ተልፈስፍሶ። አንስተው ቶሎ ጋቢያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ሸጎጧት። ከዚያ ተነስተው ጮኹ።

«በሉ ውጡ! እግዜር ይስጣችሁ፣ የሞተ የለም፣ ውጡ! ስትወጡም...»

አቆሙ። እኔን አዩኝ። ጨረሱት እንጂ፤ ግን በጣም በዝግታ። «ስትወጡም በሩን።»

ሰዉ ትንሽ ቅር ብሎት ወጣ። በሩን ማንም አልዘጋም። ምራቷ ዳቦዋን ረስታ ተመለሰች፤ በሩ ክፍት። ባርኔጣ ያለው ሰውዬ ባርኔጣውን ረስቶ ተመለሰ፤ በሩ ክፍት። ጋሼ በእያንዳንዱ መመላለስ አንገታቸውን ይዘው ይቃትታሉ። በመጨረሻ አክስቴ በትከሻዋና በእግሯ ዘጋችው። ሦስታችን ቀረን።

«ሳጥኔን አውርጂልኝ» አለችኝ አክስቴ። አልጮኸችም። ጀሪካኑን በጨርቅ ጠቅልላ ጫጩቶቹ መሐል አቆመች። «የመጨረሻው ዳንግላ መኪና ሳይሄድ።»

«የት ነው የምትሄጂው?» አሉ ጋሼ።

«አንዲት ብትሞት ብያለሁ። አይተሃታል።»

«እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ! እኔን፣ የሰው ልጅን፣ ባለሙያን፣ እንደ ጋሪ ፈረስ ቆሎ እያሳያችሁ...»

«ፈረስ ብትሆንማ በሁለት ቀን ትለምደው ነበር!»

«ወንድሜን በቁሙ አስለቀሳችሁኝ! ዘንገና ያለ ሰው ሁሉ እስኪሞት ሳቀብኝ! እኔ ክብር የለኝም? ሰው ተነግሮት እንጂ...»

«ስንት ዘመን ተነገረህ!»

«በክብር ተነግሮት እንጂ! እኔ...»

«ጪው» አለ ደረታቸው።

ጋሼ ወደ ታች አላዩም፤ ንግግራቸውን በግድ ቀጠሉ። «እኔ በዚህ ከተማ ስሜ...»

«ጪው፣ ጪው።»

«ስሜ የተከበረ...»

«ጪው!»

እኔ ሳጥኑ ላይ ተደፋሁ። አክስቴ ላለመሳቅ ኮርኒሱን አየች፣ ጫጩቶቹን አየች፣ እኔን አየች፣ አልሆነላትም። ቀረብ ብላ ጋቢውን ገለጠችው። አንዲት ቢጫ ራስ ብቅ ብላ አክስቴን፣ ቀጥላም የጋሼን ጢም በጥርጣሬ ተመለከተች።

«አልሞተችም» አሉ ጋሼ፣ በተሰበረ ድምፅ። «አልሞተችማ። ሳጥኑን ተይው።»

አክስቴ ጫጩቷን በሁለት መዳፏ ተቀበለች። ሳጥኑን አውርጂ ወይም ተይው አላለችኝም። ባሏን እያየች ቆመች።

ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉ። «ጭድ ያንሳቸዋል» አሉ። «ከጓሮ አመጣለሁ።» ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸው ባዶ ነው። ቀርከሃ የለም፣ ወንበር የለም፣ ሰበብ የለም። ከፈቱት፤ ንፋሱ ገባ፤ ክምሩ ተንጫጫ። ደፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። አክስቴ ጫጩቷን ደረቷ ላይ አስጠጋች። እኔ ኪሴ ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻ ጭብጥ ጨበጥኳት።

ሳይዞሩ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ።

«ቀብድ።»

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ወረቀቱ እኮ ከሥራው በኋላ ነው...»

«ስጪው!» አለች አክስቴ።

ሰጠኋቸው። ቆሎውን ባንድ ጊዜ አፋቸው ውስጥ ወረወሩ፣ እያላመጡ ወጡ፣ ከውጭ በትከሻቸው ደገፍ፣ በእግራቸው ከፍ አደረጉት። በሩ ተዘጋ።